የፒክ አፔን ፉጨት ላገኘልኝ የደብረ ብርሃን መካኒክ

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ደብረ ብርሃን ያለ መካኒክ ነው። ስሙን አልጽፍም፣ እሱ ራሱ ከልክሎኛል። «ወሬ ሲበዛ ሰው ይበዛል፣ ሰው ሲበዛ ሥራ ይበላሻል» ነው ያለኝ። ዝም ብዬ ልቀመጥ ስል ደግሞ ሆዴ አልችል አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒክ አፔ አሮጌ ናፍጣ ነው፣ ባለ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ)። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት፣ ሲገኝም ማሾ እየጫንኩ ወደ ደብረ ብርሃን አወጣለሁ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ። ደብረ ሲናን አልፋችሁ ጣርማበር ዋሻው አፍ ላይ ስትደርሱ 3,000 ሜትርን አልፋችኋል። እዚያ ዳገት ላይ መኪና የደበቀውን ሕመም ሁሉ ይናዘዛል።

ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው እናቴ ናት። ጸበል ወደ ጻድቃኔ ማርያም እየወሰድኳት ነበር። «አንተ፣ ይሄ መኪና ያለቅሳል እኮ» አለችኝ። እኔ ንፋስ ነው ብዬ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት። ሬዲዮ ከፍ ማድረግ የብዙ ሾፌር የመጀመሪያ ጥገና ነው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሬዲዮውም አልሸፍነው አለ። ዳገት ላይ ተጭኜ ነዳጅ ስረግጥ «ፊይይይ» ይላል፣ እረኛ ከብት የሚጠራ ነው የሚመስለው። ሜዳ ላይ ደግሞ 70 ሲያልፍ ቀጠን አድርጎ ያላዝናል። ጉልበቱም ቀንሷል፣ ድሮ በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣትን ዳገት በሁለተኛ መለመን ጀመርኩ። በመስታወት ሳየው ከኋላ ጥቁር ጭስ ይተፋል።

ጋራዥ ዞርኩ። የት እንደሆነ አልናገርም። አንዱ «ቺንጋ ነው» አለ (የሞተሩ ቀበቶ)፣ ቺንጋ ቀየርን። እውነት ለመናገር ያረጀ ነበርና አልቆጨኝም። ሌላው «የዲናሞ ኩሽኔታ ነው» አለ (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዘው ቀለበት)፣ እሱንም ቀየርን። ይሄኛው ቆጭቶኛል። ሦስተኛው መኪናውን አስነስቶ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሰማው «ዲፍሬንሻሉ ይውረድ» አለ፣ የሞተሩን ጉልበት ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ማርሽ ማለቱ ነው። እዚህ ጋ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። መኪናው እያፏጨ ሸኘኝ።

ጭነት የምንጠብቅበት ቦታ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ስለዚህ ሰው ነገረኝ። ሄድኩ። ጋሼ ሻይ እየጠጣ ነበር። ኮፈኑን አልከፈተም። ዝም ብሎ ጥያቄ ያወርድብኝ ጀመር። መቼ ነው የሚጮኸው? ጠዋት ስታስነሳው ወይስ ሲሞቅ? መሪ ስታዞርስ? ባዶውን ይጮኻል? እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ከግማሹ በላይ አልመለስኩም።

«እንግዲህ ሁለት ቀን ስማውና ጽፈህ ና» አለኝ።

ተናደድኩ። ብር ይዤ መጥቼ የቤት ሥራ! ግን ምን አማራጭ አለኝ፣ ከልጄ ደብተር አንድ ገጽ ቀድጄ መጻፍ ጀመርኩ። ቆሞ ሲነሳ የለም። መሪ ሳዞር የለም። ዳገት ላይ ተጭኖ አለ፣ ባዶውን ትንሽ፣ እግሬን ሳነሳ ወዲያው ይጠፋል። ሜዳ ላይ ግን እግሬን ባነሳም ይቀጥላል። ጠዋት ንፋስ ከፊት ሲመጣ በ60ም ይጀምራል።

ወረቀቱን አነበበና ጣቱን «ሜዳ ላይ» የሚለው መስመር ላይ አሳረፈ። «ልጄ፣ ሁለት ናቸው» አለኝ። እኔም፣ እነዚያ ጋራዦችም አንድ ድምፅ ስንፈልግ ነው ለካ የከረምነው።

ከዚያ ያስረዳኝን እንደገባኝ ልጻፈው፣ ይጠቅማችኋል። ድምፅ የሚከተለው አለቃ አለው። ሞተሩን የሚከተል ከሆነ፣ ቆማችሁም ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ነዳጅ ስትሰጡት አብሮ ይጮኻል። ቺንጋ፣ የዲናሞ ኩሽኔታ፣ የመሪ ፓምፕ እዚህ ውስጥ ናቸው። የመሪ ፓምፕ ደግሞ ዘይቱ ሲጎድል መሪ ስታዞሩ ነው የሚብሰው። ጎማውን የሚከተል ከሆነ ግን ማርሽ ብትቀይሩም ግድ አይሰጠውም፣ ፍጥነቱን ብቻ ይቆጥራል። የጎማ ኩሽኔታ ሲሆን መሪውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ግራና ቀኝ ስታወዛውዙ ክብደቱ ይዞርና ድምፁ ይለወጣል። ዲፍሬንሻል ሲሆን ነዳጅ ስትረግጡና ስትለቁ ይለያያል። ተርቦ የሚጮኸው ደግሞ ሲለፋ ነው። የኛ ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ይበልጥ ይለፋል።

በጫጫ መንገድ ወጣን። እሱ ነው የነዳው። ሜዳው ላይ 80 አስገባውና ፎሌ አደረገው። ሞተሩ ወረደ፣ ማላዘኑ ግን ንቅንቅ አላለም። (ይህን ቀጥ ባለ ሜዳ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን ብቻ ሞክሩት። የጣርማበርን ቁልቁለት በፎሌ የሚወርድ ሰው ከሕይወቱ ጋር የተጣላ ነው።) መሪውን አወዛወዘ፣ ለውጥ የለም። ነዳጅ ረገጠ፣ ለቀቀ፣ ለውጥ የለም። ቆምን። አራቱንም ቸርኬ በእጁ ነካ ነካ አደረገ፣ የተለየ ሙቀት ያለው የለም።

ቀጥሎ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

ጣሪያው ላይ ያለውን ፖርቶ መጋላ እኔ ራሴ ነኝ ያስበየድኩት። ክፍት ቱቦ ነው፣ ጫፎቹ በፕላስቲክ ተደፍነው ነበር። የፊተኛው አንዱ ወልቋል። ጋሼ ከኪሱ ፕላስተር አውጥቶ ቀዳዳዋን ለጠፋትና «ንዳው» አለኝ። 70። 80። 90። ጭጭ። ንፋሱ የቱቦውን አፍ እንደ ዋሽንት ሲነፋው ነው የከረመው። ለዚህ ነው ዲፍሬንሻል ልናወርድ የነበረው። ሳቄን ልለቀው ፈልጌ አፈርኩ።

የዳገቱ ፉጨት ሌላ ሆነ። ጋራዥ ተመልሰን ኮፈኑን ከፈተ። ልጠጋ ስል «ጋቢህን አውልቀህ ና» ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው፣ ማራገቢያው ጋቢ ከያዘ ባለቤቱንም አይለቅም። ረጅም ካቻቢቴ አምጥቶ ጫፉን ዲናሞው አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። የአዲሱ ኩሽኔታ ድምፅ እንደ ደህና ወፍጮ አንድ ወጥ ነው። «ይሄ ጤነኛ ነው፣ ጤነኛውን ካላወቅክ በሽተኛውን አትለይም» አለኝ። ከዚያ ተርቦው ያመቀውን አየር ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ከሥሩ በጣቱ ዳሰሰው። እጁ ዘይትና አቧራ የተለወሰበት ጥቁር ነገር ይዞ ወጣ። ፋሼታውን (ማሰሪያውን) ፈትቶ ማኒኮቶውን ሲጨምቀው ስንጥቁ እንደ ዓሣ አፍ ተከፈተ። ሲለቀው ተከደነ። ቆሞ ላየው ሰው ምንም የለውም። ዳገት ላይ ግፊት ሲመጣ ነው የሚከፈተውና የሚያፏጨው። አየሩ በዚያ ሲያመልጥ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ጥቁሩ ጭስና የጉልበቱ ማነስ ከዚያ ነው። ስንጥቁ ከተርቦው በፊት ባለው ቱቦ ላይ ቢሆን ደግሞ አቧራ እየሳበ ተርቦውን ይበላው ነበር።

እኔ ለጊዜው በፕላስተር እንጠቅልለው አልኩ። አልሰማኝም። ማኒኮቶው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ቀን አቆመኝ፣ የገበያ ቀኔም አለፈ። የቀየረበትን የእጅ ዋጋ ተቀበለኝ። ለጣሪያው ግን «ለፕላስተር አይከፈልም» ብሎ እምቢ አለ።

ጉድለቱንም ልናገር። ስልክ አያነሳም። ወረፋው ረጅም ነው። በ21 እና በ23 አይሠራም፣ ማርያምንና ጊዮርጊስን ያከብራል። ቶሎ ቶሎ እቃ ቀያይሮ እንዲሸኛችሁ የምትፈልጉ ከሆነ እሱ ጋ አትሂዱ፣ ትጣላላችሁ።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ቢያንስ ፈቅዶልኛል። ስትሄዱ መቼ መቼ እንደሚጮኽ ጽፋችሁ ሂዱ፣ አለዚያ እንደኔ ይመልሳችኋል። ጋቢያችሁንም መኪና ውስጥ ተዉት።