እናቴን ወደ ኦሺነን ሐይቅ በክብር ይዛ ለወጣችልን የካንደርሽቴግ አስጎብኚ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

በስዊዘርላንድና በአጎራባች አገሮች ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ ወላጆቻችሁን ከአገር ቤት አስመጥታችሁ የአልፕስን ተራሮች ልታሳዩ ላሰባችሁ ሁሉ፤ ይህን የምጽፈው በበርን ካንቶን፣ በካንደር ሸለቆ የምትሠራ አንዲት የእግር ጉዞ አስጎብኚ ለቤተሰቤ ያደረገችውን በአደባባይ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ስሟ በማኅበራዊ ሚዲያ እንዲወጣ ስለማትፈልግ አልጠቅሰውም፤ አድራሻዋን ግን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ በደስታ እሰጣለሁ።

እናቴ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ናቸው። ቪዛቸው ተሳክቶ የመጡበት ጊዜ ደግሞ ከፍልሰታ ጾም ጋር ስለገጠመ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ አይቀምሱም ነበር። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው ተራራ መውጣት አይታሰብም ብለን በባቡር መስኮት ከሩቅ ልናሳያቸው ተስማምተን ሳለ ነበር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህችን አስጎብኚ የጠቆመችኝ።

ስደውልላት ዋጋዋን ነግራኝ ቀን የምንቆርጥ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ስለ ዋጋ ከማንሳቷ በፊት ስለ እናቴ ረዘም ላለ ጊዜ ጠየቀችኝ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽቅብ ሲወጡ ነው ወይስ ቁልቁል ሲወርዱ? ደረጃ ሲወርዱ መደገፊያ ይይዛሉ? የለመዱት ጫማ ምን ዓይነት ነው? የሚኖሩበት ከተማ ከፍታው ስንት ነው? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንደምትገኝ ስነግራት በጣም ደስ አላት፤ ልትወስደን ያሰበችው የኦሺነን ሐይቅ የሚገኘው 1,578 ሜትር ላይ ነውና። «ለእናትሽ ይህ ዝቅታ ነው፤ ትንፋሻቸው አያሳስበኝም፣ እኔ የምጠብቀው ጉልበታቸውን ነው» አለችኝ። ስለ ጾሙም ስነግራት ያፍርሱ ብላ አልተከራከረችም፤ ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ ዘርዝሬ እንድነግራት ጠይቃ ጻፈች። መድኃኒታቸውን በስንት ሰዓት ቢወስዱ እንደሚሻልና በጾም መራመዳቸው ጉዳት ይኖረው እንደሆነ ግን ሐኪም ጠይቀን መልሱን ሳንነግራት ቀን እንደማትቆርጥ አጥብቃ አሳሰበችን፤ እኛም እንዳለችው አደረግን።

መጀመሪያ የወሰደችን በፍሩቲገንና በካንደርሽቴግ መካከል፣ በጥድ ጫካ ውስጥ ወዳለችው ብላውዜ ወደተባለችው ትንሽ ሐይቅ ነው። መግቢያ ይከፈልበታል፤ መንገዱ አጭር ሲሆን በየጥቂት እርምጃው መቀመጫ አለው። ውኃው ከመሬት ውስጥ የሚፈልቅ ስለሆነ እጅግ የጠራ ነው፤ ከሥሩ የተጋደሙት የዛፍ ግንዶችና በላያቸው የሚያልፉት ዓሣዎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ብላውዜን ያስቀደመችበትን ምክንያት የተረዳሁት በኋላ ነው፤ እናቴ እንዴት እንደሚራመዱ፣ በየትኛው እግራቸው እንደሚጠነቀቁ፣ ደክሟቸው ሳለ አልደከመኝም የሚሉ ሰው መሆን አለመሆናቸውን በለሰለሰ ቦታ ላይ ማየት ፈልጋ ነው።

ወደ ኦሺነን የወጣነው በሌላ ቀን በማለዳ ነው። ካንደርሽቴግ ከበርን በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ይርቃል፤ ከመንደሩ ወደ ላይ የሚያወጣው ኬብል ካር ነው። ባቡር ጣቢያው ላይ እንደተገናኘን ገና ሰላምታ ሳንጨርስ የሁላችንንም ጫማ ሶል አየች፤ የእህቴ ልጅ የለበሰው ጫማ ሶሉ ያለቀ ስለነበር ከመኪናዋ ሌላ አውጥታ አዋሰችው። የእናቴን ምርኩዝ ክርናቸውን አጥፈው በያዙበት ልክ አሳጥራ አስተካከለችና ገመዱን በአንጓቸው ላይ እንዴት እንደሚያስገቡ በእጇ አሳየቻቸው። ከዚያ በኋላ እስክንመለስ ድረስ ከእናቴ አልተለየችም። መንገዱ ላይ እንደ መሪ ፊት ፊት አልሄደችም፤ ከእናቴ ጎን፣ ሁልጊዜ በገደሉ በኩል ሆና፣ እርምጃዋን ከእርሳቸው እርምጃ ጋር አስተካክላ ነበር የምትሄደው። ልጆቹን ደግሞ ከፊት አሰልፋ በየመቀመጫው እንዲጠብቁን ኃላፊነት ሰጠቻቸው፤ ስለዚህ እናቴ ዐረፍ ባሉ ቁጥር ልጆቹን ለማግኘት የቆምን እንጂ እርሳቸው የዘገዩ አይመስልም ነበር። እናቴ አንድም ጊዜ ሰው አስቸገርሁ ብለው እንዳይሳቀቁ አስባ ያደረገችው እንደሆነ አልጠራጠርም።

ከኬብል ካሩ ማረፊያ እስከ ሐይቁ ያለው ሰፊ መንገድ ጤነኛ ሰው በግማሽ ሰዓት የሚሄደው ሲሆን ወደ ሐይቁ ትንሽ ያዘቀዝቃል፤ መራመድ ለማይችል ሰው ደግሞ በኤሌክትሪክ የምትሠራ አነስተኛ መኪና አለች። እናቴ በእግራቸው ወርደው በመኪናዋ ተመለሱ። ሐይቁ በድንገት ነው የሚገለጠው። ከወዲያኛው ዳር ግድግዳ የመሰለ ቋጥኝ ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ ፏፏቴዎች ከቋጥኙ ላይ ይወርዳሉ፤ ከሁሉ በላይ ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብሉምሊስአልፕ የበረዶ ግግሩን ተከናንቦ ይታያል። እናቴ «ሥራህ ግሩም ነው ጌታዬ» ብለው ከተሳለሙ በኋላ ውኃው ለምን እንዲህ ሰማያዊና አረንጓዴ እንደሆነ ጠየቁ፤ እኔም አስተረጎምሁ። አስጎብኚያችን ከውኃው ዳር ጭቃ ዝቅ ብላ በጣቷ አነሣችና በእናቴ መዳፍ ላይ አደረገችው። የበረዶ ግግር በተራራው ላይ ሲንሸራተት ዐለቱን ፈጭቶ ከዱቄት የላመ ትቢያ ያደርገዋል፤ ያ ትቢያ ከሚቀልጠው በረዶ ጋር ወርዶ በውኃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ ብርሃን ሲያርፍበት ያንን ቀለም ይሰጣል። እናቴ ጭቃውን በሁለት ጣታቸው እያሹ «ጤፍ ዱቄት ነው እኮ» አሉ።

ሐይቁ የተፈጠረው ከሺህ ዓመታት በፊት ከተራራው የተናደ ዐለት ሸለቆውን ገድቦ ውኃውን ስላቆመው እንደሆነም ነገረችን። ከሐይቁ በገሃድ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ውኃው በተናደው ዐለት ውስጥ ሰርጎ ከታች በምንጭነት ይወጣል። ስለዚህም የሐይቁ መጠን እንደ ወቅቱ በብዙ ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል፤ በረዶው በሚቀልጥበት በአውሮፓ በጋ ይሞላል፣ በአውሮፓ ክረምት መጨረሻ ይጎድላል። አካባቢው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ የዩንጋፍራውና የአሌች ተራሮችን በያዘው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ክልል ውስጥ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ስትነግረን የቦታውን ውበት ብቻ አላወራችም፤ ለዚህም የተለየ ክብር አለኝ። ከሐይቁ በላይ ሽፒትሰ ሽታይ የሚባለውን ጫፍ አሳየችን። ዐለቱን እንደ ሙጫ ይዞት የኖረው በውስጡ ያለ በረዶ በሙቀቱ ምክንያት እየቀለጠ በመሆኑ ተራራው ቀስ በቀስ እየተንሸራተተ ነው፤ ባለሥልጣናቱ በመሣሪያ ይከታተሉታል፣ አንዳንድ መንገዶችም በዚሁ ምክንያት ተዘግተዋል። ባለፈው ዓመት አልፈንበታል እያሉ የመዝጊያ ምልክቱን ተሻግረው የሚሄዱ ጎብኚዎች እንዳሉ ስትናገር ፊቷ ተለወጠ። ከዚያው ተራራ ባሻገር ባለው የሎትሽን ሸለቆ ግንቦት 2025 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የብላተን መንደር በተናደ የበረዶ ግግርና ዐለት መቀበሩን ታስታውሳላችሁ፤ 300 የሚያህሉት ነዋሪዎች የተረፉት ቀደም ብለው እንዲወጡ ስለተደረጉ ነው። የሙያ ሰው ማለት ለእኔ እንዲህ ያለውን ነገር ገንዘብ ከፍሎ ለሚዝናና እንግዳ ሳይሸሽግ የሚናገር ነው።

ስለ ምሳው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በዋዜማው በሐይቁ ዳር ወዳለው ምግብ ቤት ራሷ ደውላ፣ ረሽቲ የሚባለውን የተፈቀፈቀ ድንች ጥብስ ያለ ቅቤ፣ ያለ ዕንቁላልና ያለ አይብ፣ በዘይት ብቻ ከእንጉዳይ ጋር እንዲሠሩልን ተነጋግራ ነበር። ልጆቹ ጀልባ ተከራይተው ሲቀዝፉ፣ እናቴ በጥላ ሥር ተቀምጠው ዳዊታቸውን ሲደግሙ ቆዩ፤ 9 ሰዓት ሲሆን ምግቡ ቀረበ። አስተናጋጁ ሳህኑን ሲያስቀምጥ ለእናቴ መጥበሻው እንኳ ተለይቶ የታጠበ መሆኑን ነገረን። አስጎብኚያችንም እስከዚያ ሰዓት ድረስ በእናቴ ፊት ምንም አልቀመሰችም፤ ማንም አልጠየቃትም ነበር።

በሌላ ቀን ደግሞ ወጣቶቹንና እኔን ሆይበርግ በሚባለው፣ 1,940 ሜትር ገደማ በሚደርሰው የላይኛው መንገድ ወሰደችን። ይህ ሐይቁን ከላይ ቁልቁል የሚያሳይ፣ በእኔ እይታ በዚያ አካባቢ ከሁሉ የሚበልጥ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ጠባብ ነው፣ በአንድ በኩሉም ገደል ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከ65,000 ኪሎ ሜትር በላይ ምልክት የተደረገበት የእግር መንገድ አለ፤ ቢጫ ብቻ ከሆነ ማንም የሚሄድበት፣ ነጭ ቀይ ነጭ ከሆነ ጠንካራ ጫማና እርግጠኛ እርምጃ የሚጠይቅ የተራራ መንገድ፣ ነጭ ሰማያዊ ነጭ ከሆነ ልምድ ላላቸው ብቻ ነው። ሰሌዳዎቹ የሚጽፉት ሰዓቱን ሲሆን ያም ዕረፍት ሳይቆጠር ነው፤ ከልጅ ወይም ከሽማግሌ ጋር ከሆናችሁ እጥፍ አድርጋችሁ አስቡት ብላናለች። በመንገዱ ላይ ጥጃ የያዙ ላሞች ሲያጋጥሙን ልጆቹ ሊዳስሷቸው ሲሮጡ አስቆማ፣ እናቲቱ ላም በጥጃዋ መጥታችሁባት ከመሰላት እንደምትወጋ አስረድታ ዞር ብለን እንድናልፍ አደረገች። ቀትር ሳይሞላ በብሉምሊስአልፕ ትከሻ ላይ ደመና ሲቆለል አይታ ጉዞውን አቋርጠን እንድንመለስ ወሰነች። ሰማዩ በእኛ በኩል ጥርት ያለ ስለነበር ልጆቹ በጣም ቅር አላቸው፤ እሷ ግን በአልፕስ የበጋ ነጎድጓድ የሚመጣው እንዲህ እንደሆነ ተናግራ ውሳኔዋን አልለወጠችም። ኬብል ካሩ ማረፊያ ደርሰን ብዙም ሳንቆይ በረዶ ወረደ።

ለሌሎች ሐይቆችም የሰጠችን ምክር ጠቅሞናል። ከግሪንደልቫልድ በኬብል ካር ፊርስት ድረስ ወጥቶ አንድ ሰዓት ያህል በእግር የሚደረስበትን፣ 2,265 ሜትር ላይ ያለውን የባኽአልፕ ሐይቅ ጉልበታቸው ደህና ለሆኑ ወላጆች ትመክራለች፤ ሆኖም እስከ ሰኔ ድረስ በረዶ ሊኖርበት ይችላል። በአፐንትሰል ያለው የዜአልፕ ሐይቅ ዝቅ ያለ ቢሆንም ከቫሰራውን የሚያወጣው መንገድ ዳገት ነው። 4,478 ሜትር የሚደርሰው ማተርሆርን በውኃ ላይ ተንጸባርቆ የሚታይባቸው የጸርማት ሐይቆች ለወጣቶች ግሩም ናቸው፤ እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ወላጅ ኦሺነንን አስቀድማለሁ፤ በአንድ ቀን ሄዶ መመለስ ይቻላል፣ የደከመም ሰው የሚመለስበት መኪና አለው።

ልትቀጥሯት የምታስቡ ሰዎች ልብ እንድትሉ የምፈልገው፣ እሷ በፌዴራል መንግሥቱ የሙያ ማረጋገጫ ያላት የእግር ጉዞ መሪ መሆኗን ነው፤ ይህ ሙያ ገመድና የበረዶ መውጫ በሚጠይቁ ተራሮችና በበረዶ ግግር ላይ ከሚመሩት የተራራ መሪዎች የተለየ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጉዞ የሚፈልግ ሰው ሌላ ባለሙያ መፈለግ አለበት። ክፍያዋ በሰው ሳይሆን በቡድን ስለሆነ ሁለት ቤተሰብ ሆናችሁ ብትሄዱ ይቀላል። ለጎብኚ ወላጅም በባቡርና በብዙ ኬብል ካሮች ዋጋውን በግማሽ የሚቀንስ የአንድ ወር ካርድ ስለሚሸጥ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ። ቅዳሜና እሁድ በበጋ ሰልፉ ብዙ ነው፤ የሥራ ቀን ብትመርጡ፣ ካልሆነም በመጀመሪያዎቹ የጠዋት ኬብል ካሮች ብትወጡ ይሻላል። ጀርመንኛ የማይችል ሰው በእንግሊዝኛም ያነጋግራታል። ስትደውሉላት የወላጆቻችሁን ሕመም፣ መድኃኒትና የጾም ሁኔታ ሳትሸሽጉ ንገሯት፤ ምግብ ቤቱንም መንገዱንም የምትመርጠው ያንን ይዛ ነው።