ኦክታቭን ከሲ ጋር ማገናኘት፦ የዘጠኝ ወር ልምዴ በኮምቦልቻ

ለመንገድ ሥራ የውኃ ማፋሰሻ ቱቦዎችን መጠን የምቀምር መሐንዲስ ነኝ። ጂኤንዩ ኦክታቭ የተባለውን የቁጥር ስሌት ሶፍትዌር መጠቀም ከጀመርኩ ዘጠኝ ወር ሞላኝ። ስሙ ከሙዚቃ የመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሶፍትዌሩን የጀመረው ጆን ኢተን የሰጠው የኬሚካል ምሕንድስና መምህሩን የኦክታቭ ሌቨንስፒልን ስም ነው። ክፍያ የለውም። ዊንዶውስ ላይ ሲጫን ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው መልክ የሚቀይረውን ኮምፓይለር ይዞ ስለሚመጣ፣ አንዴ ካወረዱት በኋላ ኢንተርኔት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም።

ወደ ሲ የገፋኝ ዝግታው ነው። ብዙ ሺህ ጊዜ የሚደጋገም ስሌት በኦክታቭ ቋንቋ ስጽፍ፣ አቦል ሲቀዳ ያስጀመርኩት ቶናው አልቆም አያልቅም። ያንኑ በሲ ጽፌ በሜክስ (የሲ ፕሮግራም ከኦክታቭ ውስጥ እንዲጠራ በሚያደርገው ማገናኛ) በኩል ሳገናኘው ስኒውን ሳላስቀምጥ ያልቃል። ችግሩ ግንኙነቱ ነው።

ለሲው ፕሮግራም መጀመሪያ የሰጠሁት የአሥር ዓመት የዝናብ መዝገብ ነበር፤ ዓመታቱ በረድፍ፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉት ወራት በዓምድ (ጳጉሜን ነሐሴ ላይ ደመርኳት)። ፕሮግራሙ አንድም የስህተት መልእክት ሳያሳይ የየዓመቱን ድምር አወጣ። ወረቀቱን ለአንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ሳሳያቸው ጣታቸውን ሦስተኛው ዓመት ላይ አሳረፉ። ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። የመጨረሻው ዓመት ደግሞ የጥፋት ውኃ ነው። «ልጄ፣ በዚያ ዓመት እኮ አውድማው ሞልቶ ነበር፤ የምን ድርቅ ነው የምታወራው?» አሉኝ። ወሎ ውስጥ ድርቅ በዋዛ የሚጠራ ቃል አይደለም፤ አፈርኩ።

ስህተቱ የእኔው ነበር። ኦክታቭ ማትሪክስን (የቁጥር ሰንጠረዥን) በማኅደረ ትውስታ የሚደረድረው ዓምድ በዓምድ ነው፤ እኔ ግን እንደ ሲ ልማድ ረድፍ በረድፍ አነበብኩት። ከዜሮ ስንቆጥር የአንድ ወር ቦታ «ወር ሲባዛ በ10፣ ሲደመር ዓመት» መሆን ሲገባው «ዓመት ሲባዛ በ12፣ ሲደመር ወር» ብዬ ጽፌ ነበር። ስለዚህ «ሦስተኛው ዓመት» ያልኩት የስድስት ዓመታት ኅዳርና የስድስት ዓመታት ታኅሣሥ ተደምረው ነው። «አሥረኛው ዓመት» ደግሞ ሁለት ሐምሌና አሥር ነሐሴ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ፕሮግራም ባገናኘሁ ቁጥር መጀመሪያ የምልከው ባለ ሁለት ረድፍ፣ ባለ ሦስት ዓምድ ማትሪክስ ነው፦ 11፣ 12፣ 13 ከላይ፤ 21፣ 22፣ 23 ከታች። የሲው ፕሮግራም በቅደም ተከተል ሲያትመው 11፣ 21፣ 12፣ 22፣ 13፣ 23 ካልመጣ አልቀጥልም። በዚሁ ሙከራ ሌላም ነገር ይጋለጣል። ኦክታቭ ቁጥርን በልማዱ የሚይዘው በ8 ባይት ዴሲማል (ነጥብ ባለው ቁጥር) ነው፤ ባለ 4 ባይት ሙሉ ቁጥር ልኬ ሲው እንደ ዴሲማል ካነበበው የሚወጣው ትርጉም የለሽ ቁጥር ነው። አሁን ሲው ዓይነቱን ፈትሾ ካልተስማማው በግልጽ እንዲመልስ አድርጌያለሁ።

የማልወደው አንድ ነገር አለ። ሜክስ የሚሠራው በኦክታቭ ሆድ ውስጥ ስለሆነ፣ ሲው ከተፈቀደለት ቦታ አልፎ ከጻፈ ኦክታቭም አብሮ ሊወድቅ ይችላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ያልተቀመጠ ሥራዬ እንዲሁ ጠፋ። አሁን ሲውን በቅድሚያ ለብቻው አስኬጄ ነው የማገናኘው። ስሪት ስቀይርም የቆዩትን የሜክስ ፋይሎች እንደ አዲስ ኮምፓይል አደርጋለሁ፤ አሰልቺ ነው።

ወደ ሌላ ሶፍትዌር ግን አልሄድም። ባልደረባዬም የሥራዬን ውጤት ማየት አልተዉም፤ ወረቀቱን ሲቀበሉኝ መጀመሪያ የሚፈልጉት ሦስተኛውን ዓመት ነው።