እባብ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት አስፋልቱን ለኩት

ሌሊት በበረሃ መንገድ ላይ እባብ ለማየት የሚወጣ ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያፈሰው ባትሪ ላይ ነው። ሩቅ የሚያበራ፣ ዓይን የሚያጭበረብር ባትሪ። ይግዛ፣ ክፋት የለውም። እኔን ግን ከዕቃዎቼ ሁሉ በላይ የጠቀመችኝ ሽጉጥ የምትመስለው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ናት። አስፋልቱ ላይ ትደግኗታላችሁ፣ ቃታዋን ትስባላችሁ፣ ዲግሪው ስክሪኗ ላይ ቁጭ ይላል። አለቀ። መካኒኮችና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዟት ተራ ዕቃ ናት፣ ለእባብ ብሎ የሠራትም የለም። ግን ስንት ከንቱ ሌሊትና ስንት ነዳጅ እንዳዳነችልኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ላሞግሳት፣ ጉድለቷንም ሳልደብቅ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መኪና በማይበዛበት የበረሃ አስፋልት ላይ በሰዓት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር እያዘገማችሁ መንገዱን ትቃኛላችሁ። እባብ ሲታይ ዳር ይዞ መቆም፣ አራቱንም ፍሬቻ ማብራት፣ ከርቀት ማየት፣ ፎቶ ማንሳት፣ መሄድ። መያዝ የለም፣ ይዞ ቤት መግባት የለም። በብዙ አገር ያለ ፈቃድ መያዝ ሕግ መጣስ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከመንገድ ዳር በመብራት መፈለጉ ራሱ ደንብ አለው፣ ስለዚህ የምትሄዱበትን አካባቢ ሕግ ቀድማችሁ እዩ። ዘዴው አዲስ አይደለም። ሎረንስ ክላውበር (እ.ኤ.አ. 1883–1968) የሚባል የሳንዲያጎ ሰው በካሊፎርኒያ በረሃ ሌሊት እየነዳ ያገኛቸውን እባቦች ከሙቀቱ ጋር እየመዘገበ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1939 አሳትሟል። እንጀራው የኤሌክትሪክ መሐንዲስነት ነበር። ለዚህም ይመስለኛል ቁጥር የሚወደው።

ሙቀቱ ለምን ይህን ያህል ወሳኝ ሆነ? እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከውጭ ነው። አስፋልት ደግሞ ጥቁር ነው፤ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቀዋል። ጎኑ ያለው አሸዋ ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል። አንዳንዱ እባብ ይህን ሙቀት ፈልጎ ሆዱን መንገዱ ላይ ለጥፎ ይተኛል። ብዙው ግን እንዲሁ አቋርጦ ወደ ጉዳዩ የሚሄድ መንገደኛ ነው። ሁለቱም ቢሆኑ መሬቱ እያቃጠለ አይወጡም። በጋለ ከሰዓት በኋላ አስፋልት ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፣ እባብ ደግሞ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ትንሽ አለፍ ሲል ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ካውልስና ቦገርት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የበረሃ ተሳቢዎችን ሙቀት እየለኩ እ.ኤ.አ. በ1944 ያወጡት ጥናት ያሳየውም ይህንኑ ነው። እነዚህ እንስሳት ዝም ብለው አየሩ ያመጣላቸውን አይቀበሉም። የሚመቻቸውን ሙቀት እየመረጡ ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

እንግዲህ የእኔ ልማድ ይህ ነው። አስፋልቱ ከ38 በላይ ካለ አልቸኩልም፣ መኪናውን አቁሜ እጠብቃለሁ። ወደ 32 ሲወርድ መንዳት እጀምራለሁ። ከ32 እስከ 25 ያለው ጊዜ ወርቅ ነው፣ እሱን በወሬና ፎቶ በማየት አላጠፋም። 20 አካባቢ ሲደርስና እየወረደ ከሄደ አብዛኛው እባብ ጉድጓዱ ገብቷል፣ እኔም ወደ ቤቴ። ይህ ሕገ መንግሥት አይደለም። ቅዝቃዜ የሚችሉ እፉኝቶች አሉ፣ ወቅቱም ይለያል፣ በበጋ መካከልና በጸደይ አንድ ዓይነት ሌሊት የለም። ግን ጀማሪ ሰው ይህን ይዞ ቢወጣ አይከስርም።

«የመኪናዬ ዳሽቦርድ ላይ ዲግሪ አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አለ። የሚለካው ግን አየሩን ነው፣ ያውም ከመኪናው አፍንጫ አጠገብ፣ ቆም ስትሉ ደግሞ የሞተሩ ሙቀት እየደረሰው። የስልኩ የአየር ሁኔታ መተግበሪያም ስንት ኪሎ ሜትር ርቆ ስላለ ቦታ ነው የሚነግራችሁ። እባቡ ያለው በሆዱ መሬት ላይ ነው! አንድ ምሽት ከጓደኛዬ ጋር ወጥተን ዳሽቦርዱ 27 አለ። ጓደኛዬ «ምርጥ ነው፣ እንንዳ» ብሎ መሪውን ጨበጠ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ለካሁ፣ 41። ቆምን። እሱ እየተነጫነጨ እኔ በየጥቂት ደቂቃው ቃታ እየሳብኩ ጠበቅን፣ 31 ላይ ተነሳን፣ ብዙም ሳንሄድ ከዓይኖቹ በላይ ቀንድ ያለው ትንሽ እፉኝት ሰውነቱን ወደ ጎን እየወረወረ መንገዱን ሲያቋርጥ አየነው። አስፋልቱ ላይ ምንም ዱካ አልተወም። አሸዋው ጋ ሲደርስ ግን ሰያፍ መስመሮች፣ አንዱ ከአንዱ ሳይገናኝ፣ እየተደረደሩ ሄዱ። ጓደኛዬ ከዚያ ወዲያ ቴርሞሜትሯን ከእጄ ሊወስድ ሲታገለኝ ነው ያመሸው።

ሌላም ጥቅም አላት። መንገዱ ወደ ደረቅ ወንዝ ሲወርድ ቀዝቃዛ አየር እዚያ ይተኛል። ከፍታው ላይ 28 ያነበበች ቴርሞሜትር ታች ስትደርሱ 22 ልትላችሁ ትችላለች። ያን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ መንገዱን ከዳር ዳር ከማረስ ይልቅ ሙቀቱ ያለበትን ቁራጭ መመላለስ ነው። ይህን ሳያውቁ መንዳት «ልፋ ያለው በሕልሙ ዳውላ ሲሸከም ያድራል» የሚሉት ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ስሞታዬ። ይኸኛው ረዘም ይላል።

አንደኛ፣ በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረውን ዓይነት እንዳትገዙ። መልኳ አንድ ነው፣ ሥራዋ ለየቅል። የግንባሯ የተሠራችው ለሰው ሰውነት ስለሆነ ከዚያ ጠባብ ክልል ውጭ ያለውን መሬት አትለካም፣ ወይ «ዝቅተኛ» ብላ ትቀመጣለች። የምትፈልጉት የኢንዱስትሪ የምትባለውን ነው፣ ከዜሮ በታች ጀምራ እስከ ጥቂት መቶ ዲግሪ የምታነበውን።

ሁለተኛ፣ በመስታወት ውስጥ አትለካም። የመኪና መስታወት ይህን ዓይነቱን የሙቀት ጨረር አያሳልፍም፣ ስለዚህ መስኮቱን ሳትከፍቱ ብትደግኑ የምታነቡት የመስታወቱን ሙቀት ነው። ቁጥሩ ደግሞ እውነት ይመስላል፣ ችግሩም ይኸው ነው።

ሦስተኛ ኤሲ። ይህን መመሪያው ላይ በደቃቅ ፊደል ጽፈው ያልፉታል። መሣሪያዋ ከቀዘቀዘ መኪና ወደ ሞቃት አየር ድንገት ስትወጣ ለተወሰነ ጊዜ ቁጥሯ ይዛባል፣ ከውጩ አየር ጋር እስክትላመድ ወደ ግማሽ ሰዓት ልትፈልግ ትችላለች። እኔ መስኮት ከፍቼ ስለምነዳ አልቸገርም፣ አቧራውን ግን ችዬ ነው። ኤሲ የሚወድ ሰው ከመኪናው ውጭ ቀድሞ ያውጣት።

አራተኛው ሌዘሯ ነው። ብዙ ሰው ቀይዋ ነጥብ የምትለካ ይመስለዋል። ነጥቧ አቅጣጫ ጠቋሚ ብቻ ናት። መለኪያው ከፊቷ ያለው ሌንስ ነው፣ የሚያነበውም ነጥብን ሳይሆን ክብን። ሳጥኗ ላይ 12 ለ 1 የሚል ካያችሁ፣ በ12 ሴንቲ ሜትር ርቀት 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ታነባለች ማለት ነው። ከመኪና መስኮት፣ 1 ሜትር ከ20 ያህል ወደታች ብትለኩ ክቡ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ለአስፋልት ይህ ከበቂ በላይ ነው። አርቃችሁ ወደፊት በሰያፍ ከደገናችሁ ግን ክቡ እየሰፋ አሸዋውንም አስፋልቱንም ደባልቆ የሁለቱን አማካይ ይሰጣችኋል። ቀጥ ብላችሁ ወደታች ለኩ። ሌዘሩን በምንም ዓይነት የሰውም የእንስሳም ዓይን ላይ አታድርጉ፣ ከፊት ለሚመጣ ሾፌርም ቢሆን።

ከዚሁ የሚመጣ አንድ ፈተና አለ፣ እባቡን ራሱን ልለካው የሚል። ተውት። ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነን እባብ በዚህች መሣሪያ በትክክል ለመለካት 36 ሴንቲ ሜትር ድረስ መጠጋት አለባችሁ። አንድ ሜትር የሚረዝም እፉኝት ደግሞ የሰውነቱን ግማሽ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተወርውሮ ይነድፋል። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። (በነገራችን ላይ ጅራቱን የሚያንቃጭለው የአሜሪካ እፉኝት በዓይኑና በአፍንጫው መካከል ባለችው ጉድጓድ ይህንኑ የሙቀት ጨረር ያነባል። የኔዋ እስከ 2 ዲግሪ ትስታለች፣ የእሱ ከአንድ ዲግሪ እጅግ ያነሰ ልዩነት ይለያል። ለዚያውም ባትሪ ድንጋይ አይበላም።)

ስክሪኗም ቢሆን ለሌሊት የታሰበ አይደለም። መብራቷ ኃይለኛ ስለሆነ ጨለማ የለመደውን ዓይን ታሳውራለች፣ እኔ ቀይ ፕላስቲክ ለጥፌባት ነው የገላገልኩት። ደግሞ ቃታ በተሳበ ቁጥር ጢጥ ትላለች። ማጥፊያ ያላቸው አሉ፣ የኔዋ የላትም።

ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ የማትችለውንም መጠየቅ የለባትም። ነፋሱን አታውቅም። ጨረቃዋንም አታውቅም፤ ብዙ እባብ ፈላጊ ሙሉ ጨረቃ ባለበት ሌሊት መውጣት አይወድም፣ እኔም እንደዚያው ነኝ። እርጥበትንም አትነግራችሁም፣ ከዝናብ በኋላ ያለ ሞቅ ያለ ምሽት ግን ከየትኛውም ቁጥር ይበልጣል። አስፋልቱ 28 ሆኖ፣ ሁሉ ነገር ተሟልቶ፣ አንዲት እባብ ሳላይ የተመለስኩበት ሌሊት አለ። የጎማ ቅዳጅ፣ ገመድና የሬንጅ ጥፍጥፍ ብቻ። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው በዚህ ሥራ በተቃራኒው ነው፣ ልጥ ባዩ ቁጥር ፍሬን መያዝ። እዚህ ላይ ነው ጥሩ ባትሪ የሚያስፈልገው። ሲገዛም ከጉልበቱ ይልቅ ቀለምን በትክክል የሚያሳየውን ብትመርጡ ይሻላል፣ ምክንያቱም ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን አሸዋ የሚመስለውን እባብ ከአሸዋው ጋር አንድ ያደርገዋል። የእባብ ዓይን ደግሞ እንደ ድመት በመብራት አያበራም፣ የሸረሪት ዓይን ግን ያበራል። ስለዚህ ዳር ዳር የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ነጥቦችን አትከተሉ።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ስክሪን እያዩ ከመኪና አትውረዱ። መጀመሪያ ከውስጥ ሆናችሁ ለኩ፣ ከዚያ በባትሪ እግራችሁ የሚያርፍበትን እዩ፣ ቦቲ ጫማና ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያም ደርቡ፤ ከእባቡ ይልቅ በፍጥነት የሚመጣው መኪና ነው የሚያሰጋው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ ንድፊያ ይሞታል። ከተነደፋችሁ መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር፣ በረዶ መያዝ፣ ሁሉም ጉዳት ነው። የተነደፈውን እጅና እግር ሳያንቀሳቅሱ በቶሎ ሐኪም ቤት መድረስ ነው። የተዳጠ እባብም ቢሆን ጭንቅላቱን አትንኩ፣ ሞቶም ይነድፋል። በሕይወት ያለውን ከመንገድ ማንሳት ካስፈለገ ደግሞ በረጅም ሜንጦ፣ የሚችል ሰው ብቻ፣ እሱ ይሄድበት ወደነበረው ወገን።

እና ትገዛ ወይስ አትገዛ? አልፎ አልፎ ለመዝናናት የሚወጣ ሰው ያለሷም ይኖራል፣ መዳፉን አስፋልቱ ላይ አስቀምጦ መገመት ይችላል። ደጋግማችሁ የምትወጡ ከሆነ ግን ግዟት። ውድ አያስፈልግም፣ 12 ለ 1 ያላት ትበቃለች። የምትለኩት ነገር ሙቀቱን ምን ያህል በጨረር እንደሚለቅ የሚነግራት ቁጥር አለ፤ 0.95 ላይ ተቆልፎ ከመጣ ለአስፋልት ልክ ነው። ለሚያብለጨልጭ ብረት ግን አትመኗት፣ የመንገድ ዳር ብረቱን ለክታ የማይሆን ቁጥር ትሰጣለች። ጩኸቷን የምታጠፋ ቁልፍ እንዳላት ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ሞክሩ። ትርፍ ባትሪ ድንጋይ ያዙ፣ የብዙዎቹ ባለ 9 ቮልቱ ነው፣ እሱ ደግሞ በረሃ መካከል አይገኝም። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻታለሁ። አምስተኛውን የወሰደባት ያ ጢጥታዋ ነው።