ጌሾ ያደረቀው ጥርት ያለ ውኃ፦ የቀለም ማጥፊያ ሳጥኔ ከስምንት ወር በኋላ

የእማማን ጌሾ ያደረቅሁት እኔ ነኝ። በሳጥኑ ማላከክ እችል ነበር፤ ግን ጆግ ይዤ በየማታው ያጠጣሁት በገዛ እጄ ነው።

ሥራዬ የጥበብ ማግ ማቅለም ነው፤ እዚሁ ጎንደር ለሸማኔዎች አቀርባለሁ። ማጉ ሲለቀለቅ የሚወጣው ውኃ ለዓመታት በግቢያችን ቦይ አድርጎ ወደ ቀሃ ሲወርድ ኖሯል፤ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከቀሃ ነው። ይህን እያወቅሁ ቀለም መድፋቱ አንገቴን ያስደፋኝ ነበር። ኅዳር ላይ በፀሐይ ቀለም የሚያጠፋ ሳጥን ሲሸጥ ሳገኝ ቁጠባዬን አራግፌ ገዛሁ።

ሳጥን ይበሉት እንጂ ዘንበል ያለ የመስታወት ገበታ ነው። ውስጡ ነጭ ነገር የተለበጠበት ሰሌዳ አለ፤ ትንሽ ፓምፕ ከበርሜል ውኃ እየሳበ በላዩ ያንሸራሽረዋል። ነጩ ነገር ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ የግድግዳ ቀለምና የጥርስ ሳሙና የሚያነጣው ራሱ። ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ በ1972 እ.ኤ.አ. በእሱና በብርሃን ውኃን መሰንጠቅ እንደሚቻል አሳይተው ነበር። እኔ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል፣ ዕድሜው ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያጠረ ነገር ይወልዳል። እሱ ነው የቀለሙን ሞለኪውል እየቦጫጨቀ የሚበትነው።

መጀመሪያ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በበጋው ፀሐይ ጠዋት 3 ሰዓት የከፈትሁት ሰማያዊ ማለቅለቂያ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የበርሜሉ ታች እስኪታይ ጠራ። ጎረቤት እየጠራሁ አሳየሁ። ፓምፑም አንድ ቀን አላስቸገረኝም፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

ያሳሳተኝ ይኸው መጥራቱ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንዲህ ያለውን መድፋት ኃጢአት መሰለኝ። አጥራችን ሥር ያለውን የእማማን ጌሾ ማጠጣት ጀመርሁ፤ ምርቃቱም አልቀረብኝ። መጋቢት ላይ የቅጠሉ ጫፍ እሳት የላሰው መሰለ፤ ቀጥሎ ረገፈ። እማማ አፈሩ ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር በጣታቸው ጫር አደረጉና ምላሳቸው ላይ አኖሩት።

«አንቺ ልጅ፣ ጌሾዬን ጨው ነው እንዴ ያጠጣሽው?»

ጨው! ማጉ ቀለም እንዲይዝ በአንድ ሊትር 60 ግራም ያህል የምጨምረው እኔው፤ በላዩ ደግሞ ሶዳ። ማለቅለቂያው ያቀጥነዋል እንጂ አያጠፋውም። ሳጥኑም ቀለም ይሰባብራል፤ ጨው ግን ምኑ ይሰበራል? እንዳለ ይቀራል። ሻጩ ቀለም ማጥፋትንና ማጽዳትን አንድ አድርጎ «ንጹሕ ውኃ» ብሎ ሸጠልኝ። ማታ ማታ በልቤ እከራከረዋለሁ። «ቀለሙ ጠፍቷል አልጠፋም?» ይለኛል። ጠፍቷል። «ታዲያ ምን ጎደለሽ?» ጌሾ ጎደለኝ፣ ወንድሜ!

ሶዳውም ሥራውን ያዘገያል፤ በውስጡ ያለው ካርቦኔት ራዲካሉን ቀለሙ ጋ ሳይደርስ ይሻማዋል። ይህንንም አልነገረኝም። የማቅለሚያውን የመጀመሪያ ውኃ፣ ያንን ድፍድፍ የመሰለውን፣ ባስገባው ሦስት ቀን ዞሮ ያው ጥቁር ነው። ብርሃን ካልዘለቀ ነጩ ሰሌዳ ምን ያድርግ? አሁን ሐምሌ ላይ ደግሞ ባሰበት። ከፀሐይ ብርሃን ለዚህ ነገር የሚሆነው አልትራቫዮሌቱ ብቻ ነው፤ እሱም ከመቶ አምስት እጅ የሚደርስ አይመስለኝ፤ ደመና ሲጋርደው በርሜሌ ሰማያዊ እንደሆነ ይሰነብታል።

ልሽጠው? መጋቢት ላይ ብትጠይቁኝ መዶሻ አንስቼ ነበር። ዛሬ አልሸጠውም፤ በጋውን ሙሉ ቦያችን ቀለም አላየም። የጠራውን ውኃ መልሼ ማቅለሚያ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ጨው ስላለው የምገዛውን ጨው ቀነስሁ። ለጥቁር ሰማያዊ ብቻ ነው ታዲያ፤ በፈዛዛ ቀለም ሞክሬው ማጉ ዥጉርጉር ሆኖብኛል።

ለእማማ አዲስ የጌሾ ችግኝ ራቅ ካለ ቦታ ተክዬላቸዋለሁ። ጆግ ይዤ በዚያ ካለፍሁ፣ የዝናብ ውኃም ቢሆን፣ ከበራፋቸው ሆነው «መጀመሪያ ቅመሽው!» ይሉኛል።