አዌቱ ዳር የገዛሁት የአደይ አበባ ዘር፦ ዘሩን ግዙ፣ ችግኙን ተዉት

በመስከረም ግቢዬን ያዩ ሰዎች ዘሩን ከየት አመጣሽው እያሉኝ ነው። ጂማ፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት አንዱ ጋ ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ ሁሉም አባባ ይላቸዋል። አደዩን ከጽጌረዳውና ከአቮካዶ ችግኙ ጀርባ ስለሚያስቀምጡት ካልጠየቃችሁ አታዩትም። በኦሮምኛ ኬሎ ብትሏቸውም ይገባቸዋል፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

ዘሩን በ50 ብር፣ በደብተር ወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ስከፍተው ኑግ መሰለኝ፣ ግን ከኑግ ቀጠንና ጠፍጠፍ ይላል። ዘመዳሞች ስለሆኑ አይገርምም። ላስቲክ ውስጥ ያለውን ችግኝም ሳይ ሁለቱንም ልውሰድ አልኩ። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ችግኙ ይቅርብሽ፤ ሥሩ ከተነካ ያኮርፋል» አሉኝ። የሚሸጡትን ነገር አትግዢ የሚል ነጋዴ ስንት አለ? እኔ ግን ቸኩዬ ስድስት ችግኝ ገዛሁ፣ አንዱን በ40 ብር። ሁለቱ በሳምንት ውስጥ ደረቁ። አራቱ ቀጫጭን ሆነው ቀሩ፣ አበባቸውም ቢቆጠር ከጣት አይበልጥም።

ዘሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ መደቡን ኮትኩቼ በተንኩት፣ በእጄ መዳፍ ጫን ጫን አደረግኩት፣ በቃ። አፈር ከላይ አልመለስኩበትም። በአሥር ቀን ውስጥ እንደ ጤፍ ቡቃያ ጢም ብሎ ወጣ። ያኔ ማሳሳት አለባችሁ፤ ያሳዝናል ግን ግድ ነው፣ በመካከላቸው አንድ ስንዝር ካልተዋችሁ ተሻምተው ይመነምናሉ። ፍግ አልጨመርኩም። አምና በሚያዝያ ዘርቼ ፍግ ሳበላው ትከሻዬ ድረስ ረዝሞ የሐምሌ ዝናብ መሬት ላይ አነጠፈው። አደይ የደጋና የወይና ደጋ አበባ ነው፤ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ጂማ ትስማማዋለች። ችግሩ የኛ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ስለሚያታልል ነው። አትቸኩሉ። ውኃ የሚያቆር ቦታ ላይም አትዝሩት፣ ቀይ አፈራችን ዳገት ቢጤ ከሆነ ይወደዋል።

የማማርረው አንድ ነገር አለ። ጥቅሉ ውስጥ ጨጎጊት፣ ያ ዘሩ ልብስ ላይ የሚጣበቀው አረም፣ ተደባልቆበታል። ቡቃያው ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ለዩት፦ የአደዩ ቅጠል ስንጥቅጥቅ ያለ ነው፣ የጨጎጊቱ ሰፋ ብሎ ጠርዙ መጋዝ ይመስላል። ያኔ ካልነቀላችሁት ኅዳር ላይ ቀሚሳችሁን፣ ካልሲያችሁን፣ የልጆቹን ሹራብ ሁሉ ይዞ ይገባል። እኔ ሃያ ያህል ነቅያለሁ። ለአባባ ስነግራቸው አልተከራከሩኝም፣ ከመንገድ ዳር ሲለቅሙት አብሮ እንደሚመጣ ነግረውኝ በሚቀጥለው አበጥሬ እሰጥሻለሁ አሉ።

ጳጉሜን 3 ቀን የመጀመሪያዋ ፈነዳች። ለእንቁጣጣሽ ግማሹ መደብ ቢጫ ነበር፣ ለመስቀል ቅጠሉ አይታይም ነበር። የጎረቤት ልጆች ሊቀጥፉ ሲመጡ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነው የከፈትኩላቸው። ጠዋት ጠዋት ንቡ ብቻ ራሱን የቻለ ድምፅ ነበረው።

አንድ ሰው ጥቅምት ላይ ደርቆብኛል፣ ምን ላጠጣው ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ምንም። አደይ አንድ ክረምት ኖሮ ዘሩን ጥሎ የሚሞት ነው፣ አበባ የያዘውን በላስቲክ ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ ይቆየኛል ማለት ብር መጣል ነው። እንዲደርቅ ተዉት። የአበባው ራስ ሲጠቁር ወረቀት ላይ አራግፉት፣ ፌስታል ውስጥ ሳይሆን ወረቀት ውስጥ አስቀምጡት፣ ፌስታል ያሻግተዋል። እኔ ከአንዱ ጥቅል አንድ ስኒ ሙሉ ዘር ሰብስቤያለሁ።

ዘሩ ከግንቦት ጀምሮ እሳቸው ጋ አለ፣ ሐምሌ ሲገባ ያልቃል። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ዝናቡ አያስቀምጣቸውም።