የአባቴ ማርቸዲስ ኤቢኤስ፦ አዲስ አበባ ላይ ማን ምን ሠራልኝ

ቀድሜ ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ መኪና ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን ሲስተም፣ ማሠራት ይቻላል፣ ያውም በደንብ። ግን የት እንደሚኬድ ካላወቃችሁ መኪናው እንደቆመ ብራችሁ ያልቃል። ክረምቱን ቤተሰብ ልጠይቅ ከፍራንክፈርት ገብቼ ጋራዥ ለጋራዥ ስዞር ነው የከረምኩት። የወላጆቹን አሮጌ መኪና ሊያሠራ ያሰበ ካለ ይጠቅመው ይሆናል።

መኪናው 230 ኢ ማርቸዲስ ነው፣ የ1991 እ.ኤ.አ. ምርት። አባዬ አይሸጠውም። ቢሸጠውስ በምን ይተካዋል? በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ ብሩ ለገበያ ተለቀቀና ዶላሩ ጣሪያ ነካ። አሁን ሰው ያለችውን ጠግኖ መንዳት ነው የያዘው።

ችግሩ የጀመረው ዳሽቦርዱ ላይ ምንም ባለመብራቱ ነው። አባዬ «ካልበራማ ጤነኛ ነው» ይላል። አይደለም። ቁልፉን ስታዞሩ የኤቢኤሱ መብራት መብራት አለበት፣ ሞተሩ ሲነሳ ነው የሚጠፋው። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ወይ ተቃጥሏል ወይ ተነቅሏል። የእኛው ተነቅሏል። ከዓመታት በፊት አንድ መካኒክ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ሠርቼዋለሁ» ብሎ ሒሳቡን የተቀበለው አምፖሏን አውጥቶ ነው። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሰዎች ይህችን ነገር ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ። ጀርመን ቢሆን ያ መብራት በርቶ ቱፍ በሚባለው የመኪና ቴክኒክ ምርመራ ላይ የቀረበ መኪና አያልፍም። እኛ ጋ አምፖሏ ትነቀላለች፣ አለቀ።

መጀመሪያ የሄድነው ትልቅ ጋራዥ ነው፣ ስሙን ተዉት። ወለሉ ይጠረጋል፣ ቡና ይመጣል፣ ሠራተኞቹ ቱታ ለብሰዋል። እንግዳ ተቀባይዋ ሸጋ ልጅ ነች። ግን መካኒኩ እኔን ትቶ የሚያወራው ለታናሽ ወንድሜ ነው። ወንድሜ ደግሞ የፍሬን ዘይት ከሞተር ዘይት አይለይም፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ዞሮ እኔን ይጠይቀኛል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ መካኒኩ መልሱን ለወንድሜ ያስረዳዋል። እንዲህ ሆነን ቆየን። ከዚያ «በኮምፒውተር እናየዋለን» አሉና ለምርመራው አስከፈሉን። ይሄ መኪና ያ ማሽን የሚሰካበት ሶኬት የለውም! ባለ 16 ቀዳዳው ሶኬት አውሮፓ ውስጥ ለቤንዚን መኪና ግዴታ የሆነው ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ታዲያ በምን አዩት? መልሱ በወረቀት መጣ፦ የኤቢኤሱ ፓምፑም፣ ኮምፒውተሩም፣ ሴንሰሮቹም ባጠቃላይ ይቀየሩ፣ 240 ሺህ ብር። አንድም ነገር ሳይለኩ።

ጋሼን ያገኘነው ከዚያ በኋላ፣ በጎረቤት ጥቆማ ነው። ከቄራ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ግቢ ውስጥ የሚሠሩ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ቡና የለም፣ ወንበሩ የመኪና መቀመጫ ነው። መጀመሪያ አዲስ አምፖል አስገብተው መብራቱን አበሩት፣ ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍተው ወደ ባትሪው ኋላ እጃቸውን ሰደዱ። እዚያ አናቱ ላይ ፊውዝ ያለበት ሪሌ አለ፣ ኤሌክትሪኩ ሲያይል ኮምፒውተሩ እንዳይቃጠል የሚከላከል። የእነዚህ ማርቸዲሶች የታወቀ በሽታ እሱ ስለሆነ እኔም አዲሱን በሻንጣ ይዤ ሄጄ ነበር። ቀየሩት። መብራቱ አልጠፋም።

«አይዞሽ ልጄ፣ ገና ነው» አሉኝና መኪናውን በክሪክ አነሱት።

ይሄ ሲስተም ቀላል ነው። ቦሽና ማርቸዲስ በ1978 እ.ኤ.አ. ኤስ ክላስ ላይ ካስተዋወቁት ብዙም አልራቀም። የአባዬ መኪና ላይ ሦስት ሴንሰር ነው ያለው፦ የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ ለኋላ ጎማዎች ደግሞ ዲፈረንሻሉ ላይ አንድ። ሴንሰሩ ውስጡ ማግኔትና የተጠመጠመ ሽቦ ነው፣ ከፊቱ ጥርስ ያለው ቀለበት ከጎማው ጋር ይዞራል። ሲዞር ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ስለዚህ ኮምፒውተር ምናምን ሳያስፈልግ በቴስተር፣ በተራው የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ይለካል። ጋሼ ልጁን «አሽከርክር» ይሉታል፣ ልጁ ጎማውን በእጁ ያዞራል፣ ቴስተሩ ላይ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀኙ ይሠራል። ግራው ላይ ዜሮ። ገመዱ ጭቃ በልቶት ከውስጥ ተቆርጧል። ዘዴው ይኸው ነው፣ ትልቁ ጋራዥ ቢፈልግ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰው ነበር።

ሴንሰሩ ተቀየረ፣ መብራቱ ጠፋ። ሰፊ ባዶ ቦታ ላይ ወጥተን ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ግን ጎማው ቀጥ ብሎ ተጎተተ፣ መብራቱም ተመልሶ በራ። ጋሼ ፓምፑን ከባትሪው በቀጥታ በሽቦ አገናኙት። ዝም። ተጣብቋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ በየሁለት ዓመቱ ካልተቀየረ ውኃው ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፣ እና አባዬ የፍሬን ዘይት የሚጨምረው ሲጎድል ብቻ ነው። እንግዲህ ትልቁ ጋራዥ ፓምፑ ላይ ልክ ነበር ማለት ነው፣ ሐቁን መደበቅ አልወድም። ሳይለካ ልክ መሆን ግን 240 ሺህ ብር አያስከፍልም። ኮምፒውተሩ ምንም አልነበረበትም።

ፓምፕ ፍለጋ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድን። ለማያውቅ ሰው ሶማሌ ተራ ያስፈራል፣ ገና ከመኪና ሳትወርዱ ደላላው «ምን ልፈልግልሽ እህቴ» ብሎ ከቧችሁ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የተመቸኝ እሱ ነው። የምትፈልጉት ነገር ስሙ ሳይሆን ቁጥሩ በእጃችሁ ይሁን። ቦሽ የሠራው ፓምፕ ላይ 0265 ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለ፣ የድሮውን ፎቶ አንስቼ እሱን ብቻ ነው ያሳየሁት። አንዱ ሻጭ «ያው ነው፣ ይገጥማል» አለኝ፣ ቁጥሩ ሌላ ነው፣ ትቼው ሄድኩ። ሌላው ከመደርደሪያ ሥር ትክክለኛውን አወጣው፣ 70 ሺህ ብሎ ጀመረ፣ በ38 ሺህ ተስማማን። ከመክፈሌ በፊት ግን ባትሪ አምጡ አልኩ። ሻጩ ሳቀና «ዲያስፖራዋ ነቄ ናት» አለ። ሰጡት፣ ፓምፑ ጮኸ፣ በወንድሜ ቴሌብር ከፈልን። ደረሰኝ የለም፣ ዋስትና የለም። ይሄን አውቃችሁ ግቡ።

መግጠሙ ላይ የጋሼን ጥንቃቄ ወደድኩት። ቧንቧዎቹን ከመፍታታቸው በፊት ነጭ ፕላስተር ጠቅልለው በእስክሪብቶ «ግ»፣ «ቀ»፣ «ኋ» ብለው ጻፉባቸው። ቧንቧ ቢቀያየር ኮምፒውተሩ ግራውን ልልቀቅ ሲል ቀኙ ይለቀቃል፣ እንዲያ ከሚሆን ኤቢኤስ ባይኖር ይሻላል። አንዷ ባለ 11 ቁልፍ ነት ዝጋ እምቢ አለች። ልጁ በጉልበት ሊፈታት ሲል እጁን ያዙትና ዘይት አጠጥተው ምሳ በሉ። ከምሳ መልስ ተፈታች። ከፍሬን ቧንቧዎቹ አየር የማውጣቱ ሥራ ከሩቁ ጎማ ነው የሚጀመረው፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ መጨረሻ የፊት ግራ። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ አንዱ ይከፍታል፣ የወጣው ዘይት ጥቁር ሻይ ይመስላል። አዲሱ ዘይት ዶት 4 ነው፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ፤ በተከፈተ ጠርሙስ የሚሸጥላችሁን አትቀበሉ። ለእጅና ለዘይት 12 ሺህ ብር ከፈልኩ። ትንሽ ነው ብዬ ጨመር ሳደርግ ተቆጡኝ፣ ከዚያ ለልጁ ስጪው አሉ።

ሙከራው እሑድ ጠዋት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ቀጥሎ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው ቁልቁለት በዝግታ። እርጥብ አስፋልት ላይ ስረግጠው ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ መሪው ግን ታዘዘልኝ። አባዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ «ምን ተሰበረ?» አለ። ምንም፣ ሥራው እሱ ነው። ኮረኮንች ላይ ግን ኤቢኤስ ያለው መኪና ርቆ ሊቆም ይችላል። ይሄን ለእሱም ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፣ ጎጃም ሲሄድ ዓባይ በረሃን የሚወርደው በዝቅተኛ ማርሽ እንጂ ፍሬን ላይ ተኝቶ እንዳይሆን።

መኪናው ጋራዥ ቆሞ ሳለ የተጓጓዝነው ራይድና ፈረስ በሚባሉት ታክሲዎች ነው። ክረምት ነውና ዝናብ ሲጀምር መጠበቅ አለ፣ ሾፌሮቹ ግን ጨዋ ናቸው። አንዱ እንዲያውም የራሱ ዳሽቦርድ ላይ መብራቱ በርቶ ስለነበር መንገዱን ሙሉ ስለ ሴንሰር አወራን።

የቀረው የፊት ፍሬን የላስቲክ ቱቦ ነው። ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ነበር፣ አልገዛሁም፣ የፍሬን ላስቲክ ያገለገለ አይገዛም። አዲሱን ከዚህ ከፍራንክፈርት ገዝቼ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሰጥቻለሁ። ጋሼ ሲገጥሙት ዘይቱን አብረው ይቀይሩታል፣ ወንድሜም ቀኑን ዳሽቦርዱ ላይ ይለጥፋል።