የትራንስ ሴቶች ግለ ታሪኮች፦ የትኛውን እንግዛ?

ትራንስ ሴቶች፣ ማለትም ሲወለዱ ወንድ ተብለው በሴትነት የሚኖሩ ሰዎች፣ ስለ ራሳቸው ከጻፏቸው መጻሕፍት «ከየትኛው ልጀምር?» የሚለውን ጥያቄ በዚህ ዓመት ብቻ አራት ጓደኞቼ አንሥተውልኛል። መልሴ አንድ ነው፤ ገንዘባችሁ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የአሜሪካዊቷን ጸሐፊ የጃኔት ሞክን «ሪዲፋይኒንግ ሪልነስ» ግዙ።

እኔ ግን እዚህ መልስ ላይ የደረስኩት ገንዘብ ከስሬ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት የዴንማርካዊቷን ሠዓሊ የሊሊ ኤልቤን «ማን ኢንቱ ዉማን» ነበር። ዋጋው የሌሎቹን ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ ሳላመነታ ከፈልኩ። የደረሰኝ ከአሮጌ ቅጂ በስካነር ተነሥቶ የታተመ ነገር ነው። ፎቶግራፎቹ ጥላሸት መስለዋል፤ በየገጹ ጠርዝ ላይ ፊደላት ተቆርጠዋል፤ ሁለት ገጾች ከነጭራሹ የሉም። ማጣበቂያው ሳምንት ሳይሞላው ለቀቀ። ለማስጠረዝ የከፈልኩት ሲጨመርበት የደህና እትም ዋጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ የጎደሉትን ገጾች ግን የትኛውም ጠራዥ አይመልሳቸውም። ይባስ ብሎ፣ ተመራማሪዎች ባዘጋጁት የሊሊ ኤልቤ ዲጂታል ቤተ መዛግብት ጽሑፉ በነጻ እንደሚነበብ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ለዚህ መጽሐፍ ርካሽ ቅጂ አትክፈሉ። ሊሊ እ.ኤ.አ. በ1931 በጀርመን ድሬስደን ጾታ ለመቀየር ከተደረገላት ቀዶ ሕክምና በኋላ አረፈች፤ መጽሐፉም ደብዳቤዎቿና ማስታወሻዎቿ በሌላ ሰው እጅ ተሰናድተው፣ የባለታሪኮቹ ስም ተቀይሮ የወጣው ካረፈች በኋላ ነው። ሳነበው ደጋግሜ «ይህ የእሷ ቃል ነው ወይስ የአዘጋጁ?» እያልኩ ቆም እል ነበር። በ2000 የታተመውን «ዘ ዴኒሽ ገርል»ን ደግሞ ግለ ታሪክ መስሏችሁ እንዳትገዙ፤ ልብ ወለድ ነው።

የጃን ሞሪስ «ኮናንድረም» በ1974 የወጣ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ ያገለገለ ቅጂ በቀላሉ ይገኛል፤ ዋጋውም አይጎዳም። ሞሪስ በ1953 የኤቨረስትን መወጣት ለዓለም የዘገበች ጋዜጠኛ ነበረች፤ ዓረፍተ ነገሮቿም ያስቀናሉ። ገና በሦስት ወይም በአራት ዓመቷ በእናቷ ፒያኖ ሥር ተቀምጣ ስለ ራሷ የተረዳችውን የምትተርክበትን መግቢያ ብቻ ለማንበብ መግዛት ይቻላል። የእንግሊዝ ሐኪሞች መጀመሪያ ሚስቷን እንድትፈታ በመጠየቃቸው በ1972 ካዛብላንካ ድረስ ሄዳ ቀዶ ሕክምናውን ማድረጓን ስትተርክ ልብ ይነካል። ከባለቤቷ ጋር በሕግ ቢፋቱም አልተለያዩም፤ በ2008 እንደገና በሕግ ተጣመሩ። ነገር ግን ሴትነትን ከመኪና ማሽከርከር ድክመት ጋር የምታያይዝባቸው ገጾች ዛሬ ይጎረብጣሉ። ከገዛችሁ ከዓመታት በኋላ የጻፈችው አዲስ መግቢያ ያለበትን እትም ፈልጉ።

ሞክን ያስመረጠኝ ግን ዋጋ ነው፤ የመጽሐፉን ሳይሆን የሕይወቱን ማለቴ ነው። በ2014 የታተመው ይህ መጽሐፍ ራስን ሆኖ መኖር አንዲትን ድሃ ልጅ ስንት እንዳስከፈላት ሳያድበሰብስ ይነግረናል። ሞክ በ1983 በሆኖሉሉ ተወለደች። ጓደኛዋ ዌንዲ ቀድማት በሴትነቷ በግልጽ ትኖር ስለ ነበር መንገዱን ያሳየቻት እሷ ናት፤ የመጀመሪያዎቹን የሴት ሆርሞኖችም ያገኘችው ከእሷ ነው። ስሟን ከዘፋኟ ከጃኔት ጃክሰን ወሰደች። በ18 ዓመቷ ለቀዶ ሕክምና ብቻዋን ወደ ታይላንድ በረረች፤ ገንዘቡን ያጠራቀመችውም ገላዋን እየሸጠች መሆኑን ትናገራለች። እነዚያን ምዕራፎች ሳነብ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ዘግቼ ተነሥቻለሁ። ምሬትም ልመናም የለባቸውም፤ ያለፈችበትን በስሙ ትጠራዋለች። በሞሪስ መጽሐፍ ገንዘብ እምብዛም አይሰማም፤ እዚህ ግን ከገጽ ገጽ ይከተላችኋል። የጠየቁኝ ጓደኞቼ የሚጨነቁትም በዚሁ ነበር።

የአሜሪካዊቷ የክሪስቲን ጆርገንሰን የ1967 ግለ ታሪክ ለታሪክ ወዳጅ ይሆናል። በ1952 የቀዶ ሕክምናዋ ወሬ ሲወጣ ጋዜጦች እንዴት እንደተረባረቡባት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ያንብበው፤ ለመጀመሪያ ግዢ ግን አልመርጠውም።

የሞክን ስትገዙ በወረቀት ሽፋን የወጣው ይበቃል፤ ለጠንካራ ሽፋን ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም። በ2017 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፏ ስለ ሃያዎቹ ዕድሜዋ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ በቅናሽ የሚያቀርብ ሻጭ ካላገኛችሁ በቀር ለጊዜው ይቆይ።